የአጃ ወተት ላቴ አርት በቤት ማሽን፦ የቱ ጋ ነው የሚበላሸው?

ጾመኛዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለጾም ማኪያቶና ላቴ የአጃ ወተት ቤት ውስጥ እየመታሁ ነው፤ ላቴ አርት፣ ማለትም ወተቱ ሲቀዳ ቡናው ፊት ላይ የሚወጣው ቅርጽ፣ ግን እምቢ ብሎኛል። በግምት እንዳትመልሱልኝ ዕቃውንም ችግሩንም በዝርዝር ላስቀምጥ።

ማሽኗ ከአሜሪካ የመጣች፣ በ120 ቮልት የምትሠራ፣ 1300 ዋት የምትስብ፣ በ1500 ዋት ትራንስፎርመር የተሰካች ትንሽ የቤት ማሽን ናት። ፖርታፊልተሯ (የተፈጨው ቡና የሚገባበት ባለ እጀታ ማጥለያ) 51 ሚሊ ሜትር ነው። የእንፋሎት ቱቦዋ ጫፍ ላይ ፓናሬሎ የሚሉት ሽፋን አለ። ፒቸሩ (ወተቱን የምመታበት ጆግ) 350 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብረት ነው። ቡናው ታጥቦ የተዘጋጀ ይርጋጨፌ፣ ለስለስ ተደርጎ የተቆላ፤ ከተቆላ ገና 2 ቀኑ ነው። ወተቱ ሁለት ዓይነት ነው፦ አንዱ ተራ የአጃ መጠጥ፣ ሌላው ካርቶኑ ላይ ባሪስታ የሚል።

የሚገጥመኝ ይኸውና። 1ኛ፣ አረፋው ትልልቅ ሆኖ የልብስ ሳሙና ይመስላል። 2ኛ፣ ስቀዳ መጀመሪያ ውሃ የመሰለ ይወርድና መጨረሻ ላይ አረፋው በአንድ ጊዜ ዱብ ይላል። 3ኛ፣ ተራው ወተት ቡናው ላይ ሲያርፍ ተበጣጥሶ አይብ ይመስላል። 4ኛ፣ ራሴ ከአጃ የጨመቅሁት ወተት ደግሞ ሲሞቅ አጥሚት ሆኖ ቁጭ አለ። እነዚህ አራቱ አንድ ምክንያት ነው ያላቸው ወይስ የየራሳቸው?

የፒያሳ ባሪስታ፦

እህቴ፣ አራቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ልያዝ፤ የቀሩትን ሌሎች ይመልሱልሻል።

መጀመሪያ የአጃ ወተት ጠባይ ይግባሽ። የላም ወተት በ100 ግራም ውስጥ ከ3 ግራም በላይ ፕሮቲን አለው፤ አረፋውን አቅፎ የሚይዘው እሱ ነው። የአጃ መጠጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ 1 ግራም ገደማ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ አረፋው ቶሎ ይሠራል፣ ቶሎም ይለያያል፤ አየሩ ወደ ላይ፣ ፈሳሹ ወደ ታች። መጀመሪያ ውሃ፣ መጨረሻ ዱብ የሚልብሽ ለዚህ ነው። የላም ወተት 1 ደቂቃ ቢጠብቅሽ የአጃው ከ15 ሰከንድ በላይ አይታገስም።

አሁን ወደ ሥራው። ካርቶኑን ከመክፈትሽ በፊት 10 ጊዜ ያህል በደንብ ናጪው፤ የተጨመረው ካልሲየም ታች ይዘቅጣል፣ ዘይቱም እኩል አይበተንም። ሳይናጥ የተቀዳ ወተት መጀመሪያው ቀጭን፣ መጨረሻው ወፍራም ነው፤ ከዚያ «ትናንት ሠርቶልኝ ዛሬ እምቢ አለኝ» ይመጣል። ወተቱ ፍሪጅ ያደረ ይሁን፤ 4 ዲግሪ አካባቢ። ፒቸሩንም አብረሽ አቀዝቅዢው። ቀዝቃዛ ከሆነ እስኪሞቅ ድረስ የምታሽከረክሪበት ጊዜ ታገኛለሽ፤ የትንሽ ማሽን ትልቁ ሀብቷ ይኸው ጊዜ ነው።

ልኩን በዓይን አትገምቺ፤ በሚዛን 140 ግራም ቅጂ። ባንቺ ፒቸር ይህ አፉ መሾል ከሚጀምርበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቆማል። ከዚያ ካነሰ ቱቦው አይጠልቅም፤ ከበዛ ይገነፍላል።

ፓናሬሎው ነው ዋናው ጥፋተኛ። ጎኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ወይም ስንጥቅ አለው፤ እንፋሎቱ ሲወጣ በዚያች በኩል አየር እየሳበ ያለማቋረጥ ወተቱ ውስጥ ይከታል። ለካፑቺኖ ወፍራም አረፋ የታሰበ ስለሆነ መቼ እንደሚያቆም አያውቅም። ሁለት መፍትሔ አለሽ። አንደኛው፣ ሽፋኑን ማሽኗ ስትቀዘቅዝ ሳቢና አውልቂው፤ ውስጡ ቀጭን ቱቦ አለ። ርዝመቱ ወተቱ ውስጥ የሚገባ ከሆነ በሱ ሥሪ። አጭር ከሆነ ሁለተኛው፦ ሽፋኑን መልሺና ቀዳዳዋ ከወተቱ በላይ የምትቆየው ለመጀመሪያዎቹ 3 ወይም 4 ሰከንዶች ብቻ ይሁን፤ ከዚያ ፒቸሩን ከፍ አድርገሽ ቀዳዳዋን ወተቱ ውስጥ አስጥሚያት። ከሰጠመች አየር መሳብ ታቆማለች።

አንድ ቦይለር (ውሃ ማሞቂያ) ብቻ ያላት ማሽን ከሆነች የእንፋሎቱ መብራት እስኪረጋ ጠብቂ። ከዚያ ቱቦውን ወደ ባዶ ኩባያ አዙረሽ ልቀቂው። መጀመሪያ ውሃ ይተፋል፤ ውሃው አልቆ ደረቅ ነጭ እንፋሎት እስኪወጣ ድረስ አትቸኩዪ፤ 5 ሰከንድም ሊወስድ ይችላል። ይህን የዘለለ ሰው ወተቱን በውሃ እያቀጠነ ነው።

ጫፉን ከወተቱ ፊት በታች ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ አስገቢ። ከመሃል ትንሽ ወደ ጎን፣ ከግድግዳው ግን ሳይነካ። እንፋሎቱን ሙሉ በሙሉ ክፈቺ፤ በግማሽ የተከፈተ እንፋሎት አዙሪት አይሠራም። ከዚያ ፒቸሩን በጣም በዝግታ ዝቅ ስታደርጊ አሮጌ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት «ጭር… ጭር» የሚል ድምፅ ይመጣል። ያ ነው አየሩ የሚገባበት። «ቡልቅ ቡልቅ» ካለ ጫፉ ወጥቷል፤ ትልልቁን አረፋ የምታመርቺው እዚያ ጋ ነው። እንደ ማንቆርቆሪያ ካፏጨ ደግሞ አየር ሳይገባ ጠልቋል።

ለአጃ ወተት አየሩን ማስገባት ያለብሽ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ነው። ጠንካራ የካፌ ማሽን 1 ወይም 2 ሰከንድ ይበቃዋል፤ ያንቺ ከ4 እስከ 6 ትፈልጋለች። እጅሽ ፒቸሩን ሲነካ ቅዝቃዜው ጠፍቶ ሙቀት ከመጀመሩ በፊት አየሩ አልቋል ማለት ነው፤ በቴርሞሜትር ከ25 እስከ 30 ዲግሪ። ከዚያ በኋላ የሚገባ አየር ትልቅ ሆኖ ይቀራል፤ አይፈጭም። መጠኑ 140 የነበረው 160 ሚሊ ሊትር አካባቢ ሲደርስ ለላቴ በቃ።

ከዚህ ቀጥሎ ጫፉን 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል አጥልቀሽ ፒቸሩን ትንሽ አዘንብዪና ወተቱ እንደ አዙሪት ይሽከርከር። የቀሩትን ትንንሽ አረፋዎች የሚፈጨው ይህ ሽክርክሪት ነው። ካልዞረ ቦታው ተሳስቷል፤ ጫፉን በሚሊ ሜትር ደረጃ ወዲህ ወዲያ እያልሽ ፈልጊው፤ ካገኘሽው በኋላ እጅሽ አይነቃነቅ።

53 ዲግሪ ላይ ዝጊ። ከተዘጋም በኋላ 3 ወይም 4 ዲግሪ ራሱ ይጨምራል። መድረሻው ከ55 እስከ 60 ነው። የላም ወተት 65 ይችላል፤ የአጃው ከ65 ሲያልፍ ይወፍራል፣ የገንፎ ሽታም ያመጣል። ቴርሞሜትር ከሌለሽ መዳፍሽ ፒቸሩ ላይ «ኧረ በቃ» ሲል ዝጊ፤ እስኪያቃጥልሽ አትጠብቂ።

ጥሩ የተመታው በዓይን አረፋ አይታይበትም፤ ያብረቀርቃል፣ ፒቸሩን ስታዞሪው እንደ ቀጭን እርጎ ከግድግዳው ጋር ይንሸራተታል። እንደተመታ አብሽ ነጥቶ ከተኮፈሰ አየሩ በዝቷል፤ አይስተካከልም። እንደ አዲስ ሥሪ።

ሚዛን ይዤ፦

የፒያሳው ያለው እንዳለ ሆኖ፣ ሁለት የመለኪያ ጉዳይ ልጨምር።

እንፋሎቱ ደረቅ መሆኑን በሚዛን ማወቅ ይቻላል። 140 ግራም ወተት ከ4 ዲግሪ ወደ 57 ለማድረስ በሂሳብ 12 ግራም ያህል እንፋሎት ወተቱ ውስጥ ውሃ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከመታሽው በኋላ ፒቸሩን ስትመዝኚ ወተቱ 152 አካባቢ ከሆነ ጤነኛ ነው። 160 ካለፈ ማሽኗ እርጥብ እንፋሎት እየሰጠችሽ ነው፤ ወይ ሳትሞቅ ከፍተሻል፣ ወይ ኃይል አንሷታል።

ኃይሉን በተመለከተ ትራንስፎርመሩን እጠረጥራለሁ። 1300 ዋት ለምትስብ ማሽን 1500 ዋት የተጻፈበት ዕቃ ጠባብ ነው፤ በርካሹ ገበያ የሚጻፈው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ለአጭር ጊዜ የሚሸከመው ነው። ሲጨነቅ ቮልቱ ይወርዳል። የማሞቂያ ኃይል ደግሞ ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፤ በካሬው ነው፦ ቮልቱ በ10 በመቶ ሲቀንስ ሙቀቱ በ19 በመቶ ይቀንሳል። 2000 ዋት ወይም ከዚያ በላይ የሚችል አድርጊው፤ በማከፋፈያ ገመድ ሳይሆን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኪው። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ ኸርዙን (የኤሌክትሪኩን ድግግሞሽ በሰከንድ) አይቀይርም፤ 60 ኸርዝ የለመደች ፓምፕ በኛ 50 ኸርዝ ቀስ ብላ ነው የምትመታው። ቡናው ሲቀዳ ከዘገየ መፍጫውን ትንሽ ሻከር አድርጊው እንጂ ማሽኗ ተበላሸች ብለሽ አትፍቺያት።

ቴርሞሜትርሽን በፈላ ውሃ ልትፈትኚ ካሰብሽ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። 100 አላለም ብለሽ አትጣይው። በረዶ የሞላበት ውሃ ውስጥ ክተቺው፤ 0 ካሳየ ደህና ነው።

ቁሌት፦

3ኛውን ጥያቄ፣ ያ አይብ የሚመስለውን እኔ ልመልስ፤ ጥፋቱ የወተቱ ብቻ አይደለም።

ቡና አሲድ ነው። ለስለስ ተደርጎ የተቆላ የታጠበ ይርጋጨፌ ደግሞ ከሌላው ይበልጥ ነው፤ የምንወደውም ያን የሎሚ ጣዕሙን ነው። ተራ የአጃ መጠጥ ይህን አሲድ ሲያገኝ፣ በዚያ ላይ ሙቀት ሲጨመርበት፣ ፕሮቲኑ ይሰበሰብና ከውሃው ይለያል። ባሪስታ የሚባሉት ላይ የዕቃ ዝርዝሩን አንብቢ፤ ብዙዎቹ አሲድ ማስተካከያ ብለው ዳይፖታሲየም ፎስፌት ይጨምራሉ፤ ሥራው አሲዱን ተቀብሎ ማለዘብ ነው። ስቡንም እዪ፦ በ100 ሚሊ ሊትር 3 ግራም አካባቢ ያለው ለላቴ አርት ይሆናል፤ 1.5 ወይም ከዚያ በታች ያለው ከእህል ጋር የሚበላ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከእጅ ችሎታሽ ይልቅ ካርቶኑ ላይ ያለችው ያቺ ቁጥር ብዙ ትወስናለች። ተራውን ለቁርስ ተዪው።

የቡናው በኩል ደግሞ። መጀመሪያ ኤስፕሬሶሽ በስንት ሰከንድ ነው የሚወርደው? በ15 ሰከንድ ሮጦ የወረደ ቡና ጎምዛዛ ነው፤ ወተቱን የሚበጣጥሰውም እሱ ነው። በ51 ሚሊ ሜትር ቅርጫት 15 ግራም ቡና አስገብተሽ 30 ግራም ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ውስጥ አውጪ። ከፈጠነ አድቅቀሽ ፍጪ። ለወተት የሚሆነው ቁሌት መካከለኛ ነው፤ ሳይታጠብ የደረቀ ሲዳማ ወይም ሐረር መካከለኛ ቢቆላ ከአጃ ጋር በጣም ይስማማል፣ የአጃው ጣፋጭነት ላይ የፍሬ ጣዕም ይጨምራል።

ሁለተኛ፣ 2 ቀን የሆነው ቡና ለጀበና ድንቅ ነው፤ ለማሽን ግን ገና ጥሬ ነው በይው። አዲስ የተቆላ ፍሬ ውስጥ ብዙ ጋዝ አለ። ኤስፕሬሶ ላይ ወፍራምና ቀዳዳ የበዛበት ክሬማ (ከላይ የሚንሳፈፈው ቡናማ አረፋ) ይሠራል፤ የሚያምር ይመስላል፣ ነገር ግን ቅርጹ እሱ ላይ ይሰነጣጠቃል። አየር እንዳይገባበት ዘግተሽ ቢያንስ 7 ቀን አስቀምጪው፤ እስከ 3 ሳምንት ጥሩ ነው። በየማለዳው ቆልቶ ለሚጠጣ አገር ይህ መስማት እንደሚከብድ አውቃለሁ።

ዲሲ ላይ፦

አንድ አጭር ማስጠንቀቂያ፣ ለጾም ነው ስላልሽ። «ወተት የሌለበት» ተብሎ የሚሸጠው የዱቄት ክሬመር ሁሉ የጾም አይደለም። ዝርዝሩ ላይ ሶዲየም ካዚኔት ካለ ከላም ወተት የተወሰደ ፕሮቲን ነው። አረፋ እንዲሠራ ብለው የአጃ ወተት ላይ የሚቀላቅሉትን አይቻለሁ፤ አረፋው ያማረው ለዚያ ነው።

ጾመኛዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ፓናሬሎውን አወለቅሁት፤ የውስጡ ቱቦ ይደርሳል። ትልልቁ አረፋ ጠፋ። ባሪስታ የሚለውንና መካከለኛ ቁሌት ይዤ ሞከርሁ፤ መበጣጠሱም ቆመ። ሚዛኑ 158 አለኝ፤ ከ152 ስለራቀ ትራንስፎርመሩን እቀይራለሁ።

አሁን የቀረው ቅርጹ ነው። ነጩ ይወጣል ግን ወይ ይሰምጣል፣ ወይ እንደ ደመና ይበተናል። ልብ ለመሥራት ስሞክር ሽንኩርት ሆነ። ደግሞ መጀመሪያ የትኛውን ልሥራ፣ ቡናውን ወይስ ወተቱን? ማሽኗ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትችልም።

የፒያሳ ባሪስታ፦

ሽንኩርት ከሆነማ ደርሰሻል፤ ልብ ማለት መሃሉ በቀጭን መስመር የተሰነጠቀ ሽንኩርት ነው።

ቅደም ተከተሉ፦ ቡናው መጀመሪያ። የላም ወተት ቢሆን ወተቱን አስቀድመሽ እያሽከረከርሽ ማቆየት ትችዪ ነበር፤ የአጃው አይጠብቅሽም። ቡናውን ቀድተሽ ማሽኗ ወደ እንፋሎት እስክትደርስ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ይሄዳል፤ በዚያ ጊዜ ክሬማው ፊቱ ይደርቃል። ስለዚህ ልትቀጂ ስትይ ኩባያውን ሁለት ሦስት ጊዜ አዙሪው፤ ክሬማው ከቡናው ጋር ይዋሃዳል፣ ፊቱ አንድ ወጥ ቡናማ ይሆናል። ይህን ካላደረግሽ የመጀመሪያው ጠብታ በደረቀው ክሬማ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ይተውልሻል።

ወተቱ እንደተዘጋ ቱቦውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው፤ ሌላ ጽዳት አሁን አትጀምሪ። ፒቸሩን አንዴ ወይም ሁለቴ ጠረጴዛ ላይ መታ አድርጊና ከዚያ እስክትቀጂ ድረስ ማሽከርከርሽን አታቁሚ። መምታት ብቻውን አየሩን ወደ ላይ ይሰበስባል፤ የሚያዋህደው ማሽከርከሩ ነው። ከዘጋሽበት እስከ መጀመሪያው ጠብታ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ።

ኩባያሽ ምን ዓይነት ነው? ቀጥ ያለችው ትንሿ የማኪያቶ ብርጭቆ ለመማሪያ አትሆንም፤ አፏ ጠባብ ነው፣ ወተቱ ተመልሶ የሚዞርበት ቦታ የለም። ሥሩ ክብ፣ አፉ ሰፊ፣ ከ180 እስከ 200 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ ያዢ።

ኩባያውን ወደ ፒቸሩ አዘንብዪው፤ ቡናው ጠርዙ ሊደርስ ጥቂት እስኪቀረው። ፒቸሩን ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገሽ በቀጭኑ፣ የእርሳስ ውፍረት እንኳ በማይሞላ ጅረት፣ መሃል ላይ ቅጂ። ከፍታው ወተቱን ከክሬማው ሥር ይነዳዋል፤ ፊቱ ቡናማ እንደሆነ ይቆያል። በዚህ ደረጃ ነጭ ከታየ ወይ ዝቅ ብለሻል ወይ ጅረቱ ወፍሯል።

ግማሽ ሲሞላ ያ የሚፈራው ነገር ይመጣል፦ ፒቸሩን ዝቅ ማድረግ። አፉ የቡናውን ፊት ሊነካ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይቅረው። ብዙ ሰው ዝቅ ሲል ፍሰቱንም አብሮ ይቀንሳል፤ ነጩ የሚሰምጠው በዚህ ነው። ተቃራኒውን አድርጊ፦ ዝቅ በይና ፍሰቱን ጨምሪ። አሁን ነጩ ይወጣል፣ ክብ ሆኖ ይሰፋል። አትንቀሳቀሺ፤ ወተቱ ራሱ ይግፋው። ኩባያው እየሞላ ሲሄድ ቀስ እያልሽ ቀና አድርጊው። ሊሞላ ሲል ፒቸሩን 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጊና ፍሰቱን አቅጥነሽ በክቡ መሃል ወደ ፊት አሳልፊው። ያ መስመር ነው ሽንኩርቱን ልብ የሚያደርገው። ፍሰቱን ሳትቀንሺ በወፍራሙ ካሳለፍሽው ክቡ ይጎተትና ይበተናል።

እንደ ደመና የሚበተነው ግን ከእጅ አይደለም፤ አየሩ አንሷል። በሚቀጥለው 1 ሰከንድ ጨምሪ። ለአጃ ከላም ወተት ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ኩባያው ግማሽ እንደሆነ ወደ ታች መውረድ ይሻላል፤ ሁለት ሦስተኛ እስኪሆን ከጠበቅሽ የቀረው ወተት ወፍራም አረፋ ብቻ ይሆናል። ከልብ ቀጥሎ ቱሊፕ (የተደራረበ የአበባ ቅርጽ) ሞክሪ፤ ቅጠሉን ቆይተሽ። ቅጠል እያወዛወዙ ለረጅም ጊዜ መቅዳት ይፈልጋል፤ አጃ ደግሞ መሃል ላይ መለያየት ይጀምራል። ነጩም የወረቀት ነጭ አይሆንም፤ የአጃ ቀለም ክሬምማ ነው፤ በፎቶ ከምታያቸው ጋር አታወዳድሪ።

ሚዛን ይዤ፦

ለልምምድ ወተት አታባክኚ። 140 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ላይ አንድ ጠብታ፣ በእውነት አንድ ጠብታ፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረሽ ምቺ። አየር ማስገባቱንና አዙሪቱን በደንብ ያስተምራል፤ ሙቀቱንና አቀዳዱን ግን አያስተምርም፣ ሳሙና አይወፍርም። ስትጨርሺ ቱቦውን በንጹህ ውሃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ከፍተሽ አጽጂው።

ብቅል ቤት፦

4ኛዋ ጥያቄ ተረሳች። አጥሚት የሆነው በጥፋትሽ አይደለም፤ ስታርቹ ነው። አጃ ፈጭተሽ ስትጨምቂ ከውሃው ጋር ስታርች ይወርዳል። ያ ስታርች ከ55 ዲግሪ ጀምሮ ውሃ እየጠጣ ያብጣል፤ እናቶቻችን አጥሚት የሚሠሩት በዚሁ ነው። የፋብሪካው ለምን አይወፍርም? በኤንዛይም ስታርቹን ቀድሞ ወደ ስኳር ስለሚቆርጠው። ዘዴውን ለአጃ ያዋለው ስዊድናዊው ሪካርድ ኦስተ ነው፤ በሉንድ ዩኒቨርሲቲ ሳለ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፤ ኦትሊ የሚባለው የአጃ መጠጥ ድርጅት የወጣው ከዚያ ነው። ስኳር ሳይጨመርበት የሚጣፍጠውም ከዚህ የተነሳ ነው።

ታዲያ ኤንዛይሙ ከየት ይምጣ? ከጓዳሽ። ብቅል። ገብስ ሲበቅል ስታርች የሚቆርጠውን አሚሌዝ ራሱ ያመርታል። በፀሐይ የደረቀ ብቅል መሆን አለበት፤ ከተቆላ ወይም ከተጠበሰ ኤንዛይሙ ሞቷል፣ አሻሮ አይሠራም።

100 ግራም የተዳመጠ አጃ፣ 800 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 10 ግራም የብቅል ዱቄት። አጃውንና ውሃውን ለ20 ሰከንድ ብቻ ፍጪ። ድስት ውስጥ ብቅሉን ጨምረሽ እያማሰልሽ በዝግታ ወደ 65 ዲግሪ አድርሺ፤ ከ62 እስከ 68 ባለው ውስጥ 40 ደቂቃ ያዢው። 60 ሲደርስ ይወፍርብሻል፤ አትደንግጪ፣ ውሃ አትጨምሪ። 10 ደቂቃ ቆይቶ እየቀጠነ ይመጣል፤ ብቅሉ መሥራቱ የሚታወቀው በዚህ ነው። ከ75 ካለፈ ግን ኤንዛይሙ ይሞትና አጥሚትሽን ትጠጫለሽ። ማረጋገጥ ከፈለግሽ አንድ ማንኪያ አውጥተሽ አቀዝቅዢና የፋርማሲ አዮዲን አንድ ጠብታ አድርጊበት፤ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተቀየረ ስታርቹ ገና አለ። የተፈተነውን ድፊው፣ አይጠጣም።

ካለቀ በኋላ 2 ደቂቃ አፍልተሽ ኤንዛይሙን አቁሚ፣ አቀዝቅዢ፣ በንጹህ ሻሽ አጥልዪ። አጥብቀሽ አትጭመቂ፤ አተላው አብሮ ይወርዳል። ከዚያ 20 ሚሊ ሊትር ሽታ የሌለው የሱፍ ዘይት፣ አንድ ቁንጥር ጨው፣ እና ከሻይ ማንኪያ ስምንተኛ የማይበልጥ የመጋገሪያ ሶዳ ጨምረሽ በማደባለቂያ 2 ደቂቃ ምቺ። ሶዳው «ቁሌት» ያለውን ፎስፌት የሚተካ ነው፤ ከበዛ ሳሙና ሳሙና ይላል። ፍሪጅ ውስጥ 3 ቀን ይቆያል፤ ይዘቅጣል፣ ናጪው። ጌሾ አትጨምሪ፣ ጠላ አይደለም የምንጠምቀው።

ግሉተን የማይስማማው ሰው ቤት ካለ ይህ አይሆንም፤ ብቅሉ ገብስ ነው።

ቁሌት፦

የብቅሉን ነገር አልነቅፍም፤ ግን ተስፋዋን ከፍ አታድርጉት። በፋብሪካ ዘይቱ በከፍተኛ ግፊት ተገፍቶ እጅግ ደቂቅ ይሆናል፤ የቤት ማደባለቂያ ያን አያደርግም። አረፋው ይሠራል፣ ልብ ይወጣል፣ ቱሊፕ ግን ይከብዳል። ለጣዕም የብቅሉን፣ ለቅርጽ የካርቶኑን።

ብቅል ቤት፦

በዚህ እስማማለሁ። ልብ ይበቃል።

ጾመኛዋ፦

የመጨረሻ ጥያቄ፦ ከሳምንት በኋላ እንፋሎቱ ደከመ፤ ወደ ጎን ይረጫል። ትራንስፎርመሩ አዲስ ነው።

የፒያሳ ባሪስታ፦

ጫፉ ተደፍኗል። የአጃ ወተት ስኳርና ስታርች ስላለው ትኩስ ብረት ላይ ከላም ወተት ይልቅ ይጣበቃል፤ አንዴ ከደረቀ በጨርቅ አይለቅም። ማሽኗ ጠፍታ ስትቀዘቅዝ ጫፉን የሚፈታ ከሆነ ፍቺው፤ ካልሆነ ቱቦውን ሙቅ ውሃ በሞላበት ኩባያ ውስጥ 20 ደቂቃ ዘፍዝፊው። ከዚያ ቀዳዳውን በቀጭን መርፌ ከፍተሽ፣ ማሽኗን አሙቂና ወደ ባዶ ኩባያ 10 ሰከንድ ልቀቂ። ከዚህ በኋላ በየኩባያው፦ ወተቱን እንደመታሽ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ ላቴውን ቀድተሽ እንደጨረስሽ ደግሞ 2 ሰከንድ እንፋሎት መልቀቅ። ጨርቁ ለቱቦው ብቻ የተለየ ይሁን፤ በየቀኑም ይታጠብ፣ የደረቀ አጃ በአንድ ቀን ይሸታል።